ሃያ አራት ነጥብ ስድስት

ስሜ ኔሪስ ነው፤ አስተማሪ አይደለሁም፣
ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጠመኔ አልያዝሁም።
ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከጠባቧ ክፍል፣
ብልቃጥ ሳጥብ ኖርኩኝ፣ አሲድ ሳከፋፍል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዌልስ ሸለቆ፣
ብረት ማቅለጫው ቆሞ፣ ከሰሉም አልቆ።

በየመጋቢቱ አንዲት ሙከራ አለች፣
ቀን የማታዛንፍ፣ እንደ በዓል የጸናች፤
ቡሬት፣ ፒፔት፣ ነጭ ሸክላ፣ ሾጣጣ ብልቃጥ፣
ጠብ... ጠብ... ጠብ... ቀለሙ እስኪለወጥ።
መልሱን ሁሉም ያውቃል፤ ከታላቅ እህቱ፣
ከአምናው ደብተር ላይ፣ ከጎረቤቱ፦
ሃያ አራት ነጥብ ስድስት።
ቡሬቱን ያልነካው፣ ጠብታ ያላየው፣
ሲያወራ የዋለው፣ ስልኩን የደበቀው፣
እሱም ጻፈው፤ ሚስተር ፕሮበርትም ራይት አደረገው።

ፕሮበርትን አልወቅስም። ሠላሳ ልጅ፣ ሃምሳ ደቂቃ፣
ስድስት ቡሬት ብቻ፣ ሁለቱ የነቃ።
ሙከራው ለፈተና፣ ፈተናው ለወረቀት፣
ወረቀቱ ለምን እንደሆነ... ጠይቄ አላውቅም፣ በእውነት።

ኮሪደሩ ላይ ሥዕል አለ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ብልቃጥ አንሥቶ ይስቃል፣
“የነገ ባለሙያ” የሚል ከግርጌው የተጻፈ።
ያ ሰማያዊው ውሃ የኬክ ቀለም ነው፣ ከልደት የተረፈ፤
በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ ፎቶው ተነሣ፣ አለፈ።

አንድ ዓመት ታንወን የምትባል፣ የአውቶቡስ ነጂ ልጅ፣
ከሁሉም ኋላ ቀርታ፣ ቡሬቱን ይዛ በእጅ፣
ሃያ ሰባት ነጥብ አንድ አገኘች። ደገመች።
ሃያ ሰባት ነጥብ አንድ። አልረካችም፤ ሠለሰች።
“ተሳስተሻል፤ የጓደኞችሽን ጻፊ” አላት፣ ሰዓቱን እያየ።
ወደኔ መጣች፣ እጇ ከብልቃጡ አንገት ያልተለየ፦
“ኔሪስ፣ ሦስቴ ለካሁ፤ የቱ ጋ ነው ስህተቴ?”
የገበታዋን ጠርሙስ ሳይ ክው አለ ሰውነቴ።
ጠዋት የሞላሁት ነው፣ ስልክ በትከሻዬ ይዤ፣
ውሃው መስመሩን ሲያልፍ ሳላየው፣ በወሬ ፈዝዤ።
አሲዱ ቀጥኖ ነበር። ልጅቷ ልክ ነበረች።
ከዚያ ጠርሙስ የቀዱ አምስት ናቸው፤ አንዷ ብቻ አየች።

“ያየሽውን ጻፊ” አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
ለመምህሯ ግን አልነገርኩም፣ እውነቱን ያዝኩት ሸሽጌ፦
ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።
ጻፈች። በቀይ ተሰረዘ። ያቺን ጭረት እስካሁን ነው የማስታውሰው።

አምና አገኘኋት፣ ከፋርማሲው ሰልፍ፤
ውሃ ማጣሪያ ነው ሥራዋ፣ ሌሊቱን እዚያ ነው የምታሳልፍ።
“ያ ሁሉ ልምምድ ጠቀመሽ?” አልኳት፣ እየፈራሁ መልሱን።
ሳቀች። “ቡሬት የት አለና! ማሽን ነው የሚጨርሰው ሁሉን።
ማብሪያው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ፈጀሁኝ።
ግን አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቁጥሩ ያፈነግጥብኛል፤
አለቃዬ በስልክ ‘የትናንቱን ሙዪ’ ይለኛል፣ ተመልሶ ይተኛል።
ከጎኔ ሰው የለም፣ የምቀዳበት ደብተር የለ፤
ከተማው አሸልቧል፣ የውሃ ብርጭቆው ራስጌው እንዳለ።”
“ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ?” ልላት ስል ስሟ ተጠራ፤
የአባቷን መድኃኒት ይዛ ሄደች፤ እኔ ቀረሁ ስጠብቅ ተራ።

አንድ ነገር ልናገር፣ ጡረታዬ ሳይደርስ፦
ከዚያች ዓመት ወዲህ፣ መጋቢት ሲመለስ፣
ከጠርሙሶቹ አንዱን አቀጥነዋለሁ፤
ማንም ሳያየኝ ውሃ እጨምርበታለሁ፣
ከዚያ በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ።
ጠብ... ጠብ... ይሰማኛል፤ የወንበር ድምፅ፣ ሳቅ፣
“ስንት አገኘህ?” ብሎ አንዱ ካንዱ ሲጠይቅ።
ከታንወን በኋላ በሬን ያንኳኩት ሁለት ናቸው።
ሦስተኛውን እጠብቃለሁ፣ ብልቃጦቹን ሳላጥባቸው።